ባር ኪፐርስ ፍሬንድ፦ ለትልልቅ ወጥ ቤቶች የስቴንለስ ስቲል ዕቃ ምን ያህል ይበጃል?

የወጥ ቤት ዕቃ ጽዳትን በኃላፊነት ከያዝሁ ወዲህ ከሞከርኋቸው ማጽጃዎች መካከል ከመደርደሪያዬ ያልጠፋው ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1882 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ይህ ማጽጃ ዋነኛ ኃይሉን የሚያገኘው ዝገትን አሟሙቶ ከሚያነሣው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ቅባት ማስለቀቂያ አድርገው የሚገዙት ሰዎች ቢያማርሩበት አይገርመኝም፤ በጭስ መሳቢያው ላይ የጋገረውን ቅባት ሞክሬበት፣ እጄን ከማድከም በቀር የረባ ውጤት አላየሁም። ቅባቱን አስቀድሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ከበረታም በአልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ) ማስለቀቂያ ማንሣት ያስፈልጋል።

ዱቄቱ የሚመሰገነው በዕቃ ማጠቢያ ገንዳው ላይ በሚታዩት ቡናማ ነጠብጣቦችና እሳት በብረቱ ላይ በሚተወው ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ነው። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ጥቂት ነስንሼ ፋብሪካው በብረቱ ላይ ያወጣውን ስስ መስመር ተከትዬ ስፈትግ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለቀቁልኝ። መስመሩን አቋርጦ ወይም እያዞሩ መፈተግ ግን ብርሃን ሲያርፍበት የሚታይ ጭረት ይተዋል፤ እንደ መስታወት በተወለወለ ብረት ላይ ከነጭራሹ ባይሞከር እመርጣለሁ።

ነጠብጣቡ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ግን ዱቄቱን መግዛት ብቻውን ፋይዳ የለውም። ስቴንለስ ስቲል ዝገትን የሚከላከለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለውና ይህም ከአየር ጋር ተገናኝቶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራለት ነው። ሽፋኑን በርካቶቻችን ሳናውቅ የምናጠፋው በረኪና ሳናለቅልቅ በመተው፣ ጨዋማ ውኃ በማሳደርና በብረት ሽቦ በመፈተግ ነው፤ ከሽቦው የሚረግፈው ብናኝ ራሱ ዝጎ ገንዳው የዛገ ያስመስለዋል። ብናኙን ዱቄቱ ያነሣዋል፤ በጨውና በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎራይድ የቦረቦረውን ጉድጓድ ግን የሚሞላ ማጽጃ የለም። ኒኬል የሌለው 430 የሚባለው ዓይነት፣ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል ካለው 304 ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። እግረ መንገዴን ለመናገር፣ ጠረጴዛ ስገዛ ኪሴ ውስጥ ማግኔት አይጠፋም፤ 430ን አጥብቆ ሲይዝ 304ን እምብዛም አይስበውም።

ጥንቃቄ የሚጠይቅ ማጽጃ መሆኑንም በራሴ ጥፋት ተምሬአለሁ። መመሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ እያዘዘ፣ ስልክ ላነጋግር ብዬ በውኃ የራሰውን ዱቄት ገንዳው ላይ ብተወው ብረቱ ደብዝዞ ጠበቀኝ፤ ድብዘዛውም ዛሬ ድረስ አለ። ከፈተጉ በኋላ በብዙ ውኃ ማለቅለቅና በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ የግድ ነው፤ ውኃው በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ በውስጡ ያለው ማዕድን ነጭ ምልክት ያስቀራል። ምግብ የሚነካው ገጽ ከሆነ ደግሞ እንደገና በሳሙና ታጥቦ በጀርም ማጥፊያ መታከም አለበት፤ ዱቄቱ ብረቱን ቢያጸዳም የጀርም ማጥፊያን ሥራ አይተካምና።

ሠራተኞቼን ያለ ጓንት እንዳይነኩት አዝዣለሁ። አሲድ ከበረኪና ጋር ሲደባለቅ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ፣ ሁለቱን የማስቀምጠው በተለያየ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።