ፎቶኤሌክትሪክ ወይስ አዮናይዜሽን? የጭስ አላርም ከመግዛታችሁ በፊት

ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መለየት ይቸግራል። ሁለቱም ነጭና ክብ ናቸው፤ የመሞከሪያ ቁልፍም አላቸው። ልዩነቱ ውስጣቸው ነው።

አዮናይዜሽን የሚባለው አሜሪሲየም 241 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በጣም በጥቂቱ ይዟል። በዚህ ምክንያት ውስጡ ባለው አየር ደካማ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ጭስ ሲገባ ኤሌክትሪኩ ይቀንስና አላርሙ ይጮኻል። ካልፈታታችሁት ጨረሩ አያሰጋም። ቦግ ብሎ ለሚነድ እሳት ፈጣኑ ይሄ ነው።

ፎቶኤሌክትሪኩ በብርሃን ነው የሚሠራው። ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀዳዳ የገባ ጨረር አቧራውን ሲያሳየን እናውቃለን አይደል? እዚህም ጭስ ሲገባ ብርሃኑ ይበተንና ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ፍራሽ ወይም ሶፋ ውስጥ ገብቶ ነበልባል ሳያወጣ ለሰዓታት የሚጨስ እሳትን ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሁለቱን አጣምሮ የያዘም አለ። አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ግን ያለማመንታት ፎቶኤሌክትሪክ እላለሁ። አዮናይዜሽን ሽንኩርት ትንሽ ባረረ ቁጥር የመጮህ ጠባይ አለው። ከዚያ አንዱ ይሰለቸውና ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ያወጣል፣ “ለዛሬ ብቻ” ብሎ። ባትሪው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የትኛውንም ብትገዙ ከምድጃ ቢያንስ 3 ሜትር አርቃችሁ ስቀሉት።

ወደ ባትሪው እንምጣ። ባለ 9 ቮልቱ ሲገዛ ይረክሳል፤ ግን በየዓመቱ ባትሪ ይፈልጋል። ሲደክም በደቂቃ አንዴ ያህል ጢጥ ይላል፣ ብዙ ጊዜም በእኩለ ሌሊት። የታሸገ ሊቲየም ባትሪ ያለው ሲገዛ ይወደዳል፤ ግን እስከ 10 ዓመት ይቆያል፣ ማንም ባትሪውን አውጥቶ ለሪሞት አይወስድበትም። ብዙ ክፍል ወይም ፎቅ ካላችሁ እርስ በርስ የሚገናኙትን ፈልጉ። ምድር ቤት ያለው ሲጮህ መኝታ ቤት ያለውም አብሮ ይጮኻል።

ሙከራው ለሁሉም አንድ ነው። በወር አንዴ ቁልፉን ተጫኑ፤ ኮርኒሱ ከራቀ በመጥረጊያ እንጨት ይሆናል። አንድ ሰው መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዝጋና ይሰማ እንደሆነ ይንገራችሁ። ቁልፉ ግን የሚነግራችሁ ባትሪውና ድምፁ ደህና መሆናቸውን ነው። ያረጀ ሴንሰር ጭስ ላይለይ ይችላል። ስለዚህ 10 ዓመት የሞላው አላርም ቢጮህም ይቀየራል።

ዓመቱ የሚቆጠረው ከተገዛበት ሳይሆን ከተመረተበት ቀን ነው። ሳትከፍሉ በፊት ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። መደርደሪያ ላይ 3 ዓመት የተቀመጠ ከሆነ የቀረው 7 ነው፤ አዲሱን ይስጡኝ በሉ። ከመስቀላችሁ በፊት ደግሞ የሚቀየርበትን ዓመት ከታች እንዲታይ አድርጋችሁ ጎኑ ላይ በማርከር ጻፉት።