ኮምፖስት አልሸጥልሽም ያለኝ ሰው

ግቢያችን ሊሾ ነው። ጎመን መትከል አማረኝና በብሎኬት 1 ሜትር በ2 ሜትር፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ አሠራሁ። አሥር ማዳበሪያ «ኮምፖስት» ከመኪና ላይ ገዝቼ ሞላሁት። ጥቁር ነው፣ ያምራል። የበረት ሽታው ግን አፍንጫ ይሰነጥቃል። እኔ ደግሞ ሽታው የጥሩነቱ ምልክት መስሎኝ!

በሳምንቱ ችግኙ ቢጫ ሆነ። ምግብ አንሶት ነው ብዬ ሌላ ኮምፖስት ልገዛ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ወደ አንዱ ሄድኩ። «መጀመሪያ ልየው» አለኝ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። (ሰዓት ላይ ጎበዝ አይደለም፤ አልደብቃችሁም።)

እጁን እስከ ክርኑ መደቡ ውስጥ ከተተው። «እስቲ አንቺም ንኪው» አለኝ። ይሞቃል! «እህቴ፣ ይሄ ገና ያልበሰለ ፍግ ነው። ሥሩን እያቃጠለው ነው። ሌላ ብጨምርልሽ ገንዘብሽን መብላት ነው።»

ከዚያ ፌጦ አለሽ ወይ ሲለኝ ግራ ገባኝ። ለሆድ ብዬ ያስቀመጥኳት ነበረች። ሁለት የሃይላንድ ላስቲክ ቆርጦ አንዱ ውስጥ የኔን፣ አንዱ ውስጥ የራሱን ኮምፖስት አድርጎ ፌጦዋን በተነባቸው። በአራተኛው ቀን የሱ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል። የኔ ሰባት ስምንት ፍሬ ብቅ ብላ እሷም ጫፏ ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም።

ግማሹን ፍግ አውጥተን ጥግ ላይ በሸራ ሸፈንነው። በየሳምንቱ እያገላበጥኩ፣ ሲደርቅ ውኃ እያርከፈከፍኩ ሁለት ወር ቆየሁ። በቦታው አምስት ማዳበሪያ ቀይ አፈር ሸጠልኝና ከቀረው ጋር አደባለቀው። መደቡም ሙቀቱ እስኪበርድ ባዶውን ቆየ። ለመጣበት ሳንቲም አልተቀበለኝም፤ ቡና ብቻ ጠጣ። «ከጊዜ በኋላ አፈሩ ይወርዳል፣ እንዳትደነግጪ» ብሎኝ ነበር። እውነትም አራት ጣት ያህል ወረደ። ያኔ ጥግ የነበረው ፍግ ቀዝቅዞ፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ሆኖ ስለነበር ከላይ አለበስኩት። መጀመሪያ ግን በፌጦ ሞክሬው ነው። አሁን ቆስጣና ጎመን ከደጄ እቆርጣለሁ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሦስት ሰዓት እመጣለሁ ካላችሁ ግን ምሳ ሠርታችሁ ጠብቁት።