ለክላሲክ መኪና መቀመጫ፦ ቆዳ፣ ቪኒል ወይስ ጨርቅ?

የክላሲክ መኪናውን የመቀመጫ ልብስ ሊያሳድስ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቆዳ ይሻላል ወይስ ቪኒል (ቆዳ መሰል ፕላስቲክ)?» ብሎ ነው። ከዚህ የሚቀድመው ጥያቄ ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ለብሶ ነበር የሚለው ነው። ብዙዎቹ የቮልስዋገን ቢትል መኪኖች በቪኒል ወይም በጨርቅ የተሸፈኑ ስለነበሩ፣ ውድ ቆዳ ቢለብሱ ወጪው ይከብዳል እንጂ የቀድሞ መልካቸው አይመለስም፤ በቆዳ የተሠራ አሮጌ ጃጓር ቪኒል ሲለብስ ደግሞ ለውጡ ከሩቅ ያስታውቃል።

ቆዳ በምቾትና በውበት ይበልጣል፤ በእንክብካቤ ከያዙትም ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ጠላቶቹ ፀሐይና ድርቀት ናቸው። ገዢ ሊያስብበት የሚገባው አንድ ሙሉ የከብት ቆዳ 4.5 እስከ 5 ካሬ ሜትር ያህል ቢሰፋም፣ ጠባሳ ያለበትና በሆድ በኩል የሚለጠጠው ክፍል ለመቀመጫ ስለማይሆን ተቆርጦ የሚጣለውም ጭምር እንደሚከፈልበት ነው። ከዚህም ሌላ ከታችኛው የቆዳ ንጣፍ ተሠርቶ ከላዩ ፕላስቲክ የተቀባው ምርት «እውነተኛ ቆዳ» ተብሎ ስለሚሸጥ፣ ከላይኛው ንጣፍ የተገኘ መሆኑን አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቪኒል ብዙውን ጊዜ 137 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ስለሚመጣ ብክነቱ ትንሽ ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ በእርጥብ ጨርቅም ይጸዳል። በፀሐይ ግን ይግላል፤ የሚያለሰልሰው ኬሚካል ከዓመታት በኋላ ሲወጣም ይደርቅና በስፌቱ መስመር ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ የሚመልሰው ቅባት የለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነበሩ ብዙ የቪኒል መቀመጫዎች ጌጣቸው የተሰፋ ሳይሆን በሙቀት የታተመ ነው። በአንዳንድ የ1965 ፎርድ ሙስታንግ መኪኖች መደገፊያ ላይ የሚጋልቡት ፈረሶች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። እንዲህ ያለውን በልብስ ስፌት መኪና መድገም ስለማይቻል፣ እጅግ የተካነ ባለሙያ ቢገኝ እንኳ ለዚያ ሞዴል ተብሎ የተመረተውን ዝግጁ ልብስ መግዛት ይሻላል። ቀጥታ መስመር ብቻ ላለው መቀመጫ ግን በልኩ የሚሰፋው እመርጣለሁ፤ ዝግጁው ብዙ ጊዜ ማዕዘኑ ላይ ይሸበሸባል።

የሱፍ ጨርቅ ዛሬ የድሃ ምርጫ ይመስላል። በጥንቶቹ ሊሞዚኖች ግን ዝናብና ፀሐይ የሚያገኘው ሾፌሩ ቆዳ ላይ፣ ከኋላ የሚጓዙት ባለቤቶች ደግሞ ምርጥ ሱፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሱፍ በሙቀት አያቃጥልም፣ በብርድም አይቀዘቅዝም፤ ብል ይበላዋል፣ እድፍም ይይዛል። ቀለሙን ለማመሳሰል ፀሐይ ካልነካው ከመቀመጫው ሥር ናሙና መቁረጥ ይበጃል።

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ከሥሩ ያለው ከሞተ ልፋቱ ከንቱ ነው። አሮጌ መቀመጫ የብረት ሞላ፣ ጆንያ፣ የፈረስ ፀጉር ወይም የኮኮናት ጭረት፣ አንዳንዴም ሲያረጅ ወደ ዱቄትነት የሚለወጥ የጎማ ስፖንጅ አለው። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ከልብሱ ጥራት ቀንሶ ለዚህ ማዋል ይሻላል ባይ ነኝ። በአንጻሩ ወፍራም ዘመናዊ ስፖንጅ የተሞላ መቀመጫ ያብጣል፣ የተቀማጩንም ጭን ከመሪው ጋር ያጋጫል።

ነባሩ ቆዳ ቀለሙ ብቻ ከለቀቀ ወይም ስንጥቁ ላይ ላዩን ከሆነ ማጽዳትና ዳግም ማቅለም ከመለወጥ ይመረጣል። የድሮው የጥጥ ክር ከቆዳው ቀድሞ ስለሚበሰብስ፣ የተቀደደ የሚመስለው መቀመጫ አንዳንዴ የሚፈልገው አዲስ ስፌት ብቻ ነው፤ ጣራው ለሚከፈት መኪና ፀሐይን ከናይለን ይበልጥ የሚቋቋመው የፖሊስተር ክር ይስማማዋል። ቆዳው በጣት ሲቆነጠጥ እንደ ወረቀት የሚቀደድ ከሆነ ግን አብቅቶለታል። ያም ሆኖ አዲሱ ልብስ ተገጥሞ እስኪታይ ድረስ አሮጌው መጣል የለበትም፤ ልክ የሚወሰድበት ሌላ ነገር የለም።