ቫልሳርታንና ራኒቲዲን፦ አንድ ብክለት፣ ሁለት ምክር

በሁለቱም መድኃኒቶች ውስጥ የተገኘው ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠረው ኤንዲኤምኤ የተባለ ኬሚካል ነው። ምክሩ ግን ለየቅል ነበር።

የደም ግፊት መድኃኒቱ ቫልሳርታን እ.ኤ.አ. በ2018 ከገበያ መሰብሰብ ሲጀምር፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ታካሚዎች ምትክ ሳያገኙ እንዳያቋርጡ አሳሰበ። በግምቱ፣ የተበከለውን መድኃኒት በከፍተኛው መጠን ለአራት ዓመት በየቀኑ ከወሰዱ 8,000 ሰዎች አንድ ተጨማሪ የካንሰር ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል። ግፊትን ያለ መድኃኒት መተው ግን ለስትሮክ ያጋልጣል። ብክለቱም የአንዳንድ አምራቾች እንጂ የሁሉም አልነበረም።

የቃር መድኃኒቱ ራኒቲዲን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሲቆይና ሙቀት ሲያገኘው ኬሚካሉ በውስጡ ይጨምራል። ለቃር ደግሞ እሱን የሚተኩ እነ ፋሞቲዲንና ኦሜፕራዞል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ራኒቲዲን ጨርሶ ከገበያ እንዲወጣ ተጠየቀ።

ለእኔ ከባዱ የመጀመሪያው ምክር ነው፤ ካንሰር ሲባል ሰምቶ ክኒኑን መዋጥ የሚቀጥል ስንቱ ነው?