የሞከራችሁት ሌላ፣ ቤት የምትወስዱት ሌላ፦ በሄድፎን እንዴት እንደተበላሁ

ይሄን የምጽፈው ከሱቁ ከተመለስኩ አንድ ሰዓት ሳይሞላኝ ነው፣ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም፣ ስለዚህ ፊደል ብስት ወይ ነገር ባቀላቅል እለፉኝ። እርር ድብን ብያለሁ። የአራት ወር ቁጠባዬ ነው የሄደው፣ እሱ ያበግናል፣ ግን የበለጠ ያበገነኝ በገዛ እጄ፣ እየሳቅኩ፣ አመሰግናለሁ እያልኩ መበላቴ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስም መጥራት አያስፈልግም፣ አይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንገቱ ላይ ሄድፎን አንጠልጥሎ የሚውል፣ ገና ስትገቡ "የኔ እህት ምን ልታዘዝ" የሚል፣ ዋጋ ስትጠይቁት ዋጋውን ትቶ መጀመሪያ ስራችሁን የሚጠይቅ፣ ከዛ "እንዴ አንቺማ ፕሮፌሽናል ነሽ፣ ላንቺ እንዲህ አይነቱን አላሳይም" ብሎ ወደ ውስጠኛው መደርደሪያ የሚወስድ። እኔ ቤቴ ውስጥ ድምፅ እቀርጻለሁ፣ ማስታወቂያ፣ መጽሐፍ ንባብ፣ አንዳንዴ የጓደኞቼን ዘፈን ሚክስ አደርጋለሁ (ድምፆቹን አመጣጥኜ አዋህዳለሁ ማለት ነው)። ይሄን ነገርኩት። በቃ ፕሮፌሽናል ሆንኩ።

ሳላውቅ የገባሁ እንዳይመስላችሁ። ሶስት ወር ሙሉ ሳነብ ነው የከረምኩት፣ ክሎዝድ ባክ (ጀርባው ዝግ የሆነው) ይሻላል ኦፕን ባክ (ጀርባው ክፍት የሆነው)፣ ስንት ኦም (ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ምናምን እያልኩ። ኦፕን ባክ ለሚክስ ደስ ይላል ግን እየቀረጻችሁ ከሆነ ጆሯችሁ ላይ የሚጫወተው ነገር ሾልኮ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል እንደኔ ላለ ሰው ክሎዝድ ባክ ነው። ብሉቱዝ ለቀረጻ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ድምፃችሁ ዘግይቶ ስለሚመጣ የራሳችሁን ንግግር እያሳደዳችሁ ስትንተባተቡ ትውላላችሁ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም እንደሚሸጥ፣ 250ውን ስልክ ላይ ብትሰኩት ድምፁ እንደሚደክም ሁሉ አንብቤያለሁ። በመጨረሻ የቆረጥኩት ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም50ኤክስን ነው። ጀርባው ዝግ ነው፣ 38 ኦም ስለሆነ ስልክም ላይ ኢንተርፌስም (ማይክና ሄድፎንን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ያለ ጣጣ ይሰራል፣ ገመዱ ይነቀላል። ይሄን ሁሉ በቃሌ ይዤ ነው የሄድኩት። አያችሁ? ኦሙን በቃሏ የያዘች ሴትዮ ናት የተበላችው።

ደግሞ መጀመሪያ ላይ አሸንፌው ነበር እኮ! ያለኝ ማይክ ኤስኤም58 ነው፣ ኢንተርፌሴ ደግሞ ስካርሌት 2አይ2። ይሄን ስነግረው "ታዲያ ፋንተም ፓወሩን ከየት ልታመጪ ነው?" ብሎ በገመዱ በኩል ለማይክ ኤሌክትሪክ የምትሰጥ አንዲት ጥቁር ሳጥን መዝዞ አወጣ። ሳቅኩበት። ኤስኤም58 ዳይናሚክ ነው፣ ፋንተም አይፈልግም፣ የሚፈልገው ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ አይነት ነው፣ ብፈልግ እንኳን 48 ቮልቱ ኢንተርፌሱ ላይ አንድ ቁልፍ ስጫን ይበራል አልኩት። እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ "ኧረ አንቺን ማን ይችልሻል!" አለ፣ ሳጥኗን መለሰ። እኔ ደረቴ እንዲህ ተነፋ። አሁን ሳስበው ያቺን ሳጥን ሆን ብሎ ነው መሰለኝ የሚያወጣት። ከተቀበላችሁ ሸጠላችሁ፣ ካልተቀበላችሁ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ እኔን አይሸውደኝም" ብላችሁ ዘና ትላላችሁ። እኔ ዘና አልኩ።

አሁን ዋናው። ከመስታወቱ ውስጥ ኤም50ኤክሱን አወጣልኝ። ማሳያው ነው፣ ትንሽ ተጠቅመውበታል፣ ግን ኦሪጅናል ለመሆኑ እምላለሁ፣ ዛሬም እምላለሁ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፣ ገብቶ ዞር ሲል ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። በራሴ ስልክ የራሴን ቀረጻ ከፈትኩበት። ድምፄ ልክ መሀል አናቴ ላይ ቁጭ አለ፣ እያንዳንዷ ትንፋሽ፣ "ሰ" ስል ጥርሴ መሀል የምታፏጨዋ እንኳን ተሰማችኝ። አስር ደቂቃ ያህል አዳመጥኩ። እሱ ፊቴን እያየ ፈገግ ይላል። "ይሄንኑ እወስዳለሁ" አልኩት።

"ይሄንንማ አልሰጥሽም" አለኝ። "ስንት ሰው ጆሮው ላይ ያደረገውን! ላንቺ ያልተከፈተ ነው የማመጣልሽ።"

አስቡት፣ ለኔ አዝኖ። ወደ ጓዳው ገባ። ቆየ። ልጁን ጠርቶ የሆነ ነገር ሲያንሾካሹክ ሰምቻለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን ለማወቅ አልሞከርኩም፣ እኔ በዛ ሰዓት መስታወቱ ውስጥ ያለ ስፒከር እያየሁ ስመኝ ነበር። ካርቶኑን ይዞ ወጣ፣ በላስቲክ እጥፍ ተደርጎ የታሸገ፣ ጥግና ጥጉ ስለት የሆነ፣ ስዕሉ ያው፣ ጽሁፉ ያው። ላስቲኩን በጥፍሬ ልቀድ ስል እጄን ያዘኝ። በቀስታ ነው የያዘኝ፣ እንደ ታላቅ ወንድም። "እዚህ ከተከፈተ ዋስትናው ይፈርሳል፣ ቤትሽ ሄደሽ ተረጋግተሽ ክፈቺው" አለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? "እሺ፣ ልክ ነህ" አልኩ። ልክ ነህ! ለምን ሻጩ ፊት ሲከፈት ዋስትና ይፈርሳል ብዬ አልጠየቅኩም? ዳቦ እንኳን ሳልጫን የማልገዛ ሰው ነኝ እኮ። ያ ላስቲክ አሳወረኝ። ደረሰኙ ላይ "ሄድፎን 1" ብሎ ጻፈ፣ ሞዴል የለ፣ ቁጥር የለ፣ እሱንም አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ሶስት ገመድ መኖር ነበረበት፣ ጥቅልሉ፣ ረጅሙና አጭሩ። አንድ ብቻ ነው ያለው። "ቨርዥኑ ተቀይሮ ይሆናል" አልኩ። ገመዱን ስሰካው ይገባል እንጂ አይዞርም፣ አይቆለፍም። "አዲስ ስለሆነ ጠጥሮ ይሆናል" አልኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲቆርጥ ሻጭም አያስፈልገውም። ዘፈን ከፈትኩ፣ ደግሞ የሚገርማችሁ ደስ አለኝ። ሙዚቃው ሰፍቶ ሰፍቶ ከጆሮዬ ውጪ የሆነ ቦታ ነው የሚሰማው፣ "ወይ ስፋቱ!" ብዬ ለእህቴ ሁሉ አሰማኋት። እሷ "ዘፋኙ የት ሄደ?" አለች። አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ አልኳት። አሁን ይቅርታ ልጠይቃት ነው።

ስራ ስጀምር ነው ችግሩ የመጣው። ድምፄ መሀል ላይ አይቀመጥም፣ በቀኝም በግራም አለ ግን መሀሉ ባዶ ነው፣ ከኋላዬ የሆነ ሰው እኔን ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ቤዙ ደግሞ የለም፣ ቀጭን። በኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው) ታችኛውን 6 ዲቢ (ዴሲቤል) ጨመርኩ፣ አልበቃ ሲለኝ 8 አደረስኩት፣ ላክሁ። ደንበኛዬ መለሰችው፣ "ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው የጎረነነው፣ ጉንፋን ይዞሽ ነው?" ብላ። አስተካክዬ ላክሁ፣ አሁንም መለሰችው። በስምንት አመት ስራዬ ሁለቴ የተመለሰብኝ ነገር የለም።

ከዛ ምን አደረግኩ? (ይሄን ለመጻፍ አፍራለሁ ግን ልጨርሰው።) ራሱ ሱቅ ሄጄ ምክር ጠየቅኩት! "ሄድፎኑ ኦሪጅናል ነው፣ ችግሩ ክፍልሽ ነው፣ ግድግዳው እያንጸባረቀብሽ ነው" አለኝ፣ እና ስፖንጅ ሸጠልኝ። 24 ቁራጭ፣ 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለው፣ ያ ጥቁር የእንቁላል ማስቀመጫ የሚመስለው። ያ ስፖንጅ የላይኛውን ድምፅ ትንሽ ይመጥጥ እንደሆነ እንጂ ታችኛውን አይነካውም፣ የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ እኮ ከ3 ሜትር በላይ ነው የሚረዝመው፣ 2.5 ሳንቲ ስፖንጅ ምን ያደርገዋል? ይሄንንም አንብቤው ነበር። ግን ሰው ስራው ሁለቴ ሲመለስበት ያነበበው ሁሉ ይጠፋበታል። ለጠፍኩት። ሙሉ ቅዳሜ ወንበር ላይ ወጥቼ በሙጫ ስለጥፍ ዋልኩ።

ያወቅኩት ትናንት ማታ ነው። አንድ ጓደኛዬ የራሱን ሄድፎን ይዞ መጣ፣ ያንኑ ፋይል በሱ ሰማሁት፣ ድምፄ እንደ በርሜል ይጎረናናል፣ 8 ዲቢዬ ነዋ! ከዛ የኔን አደረገ፣ ዝም አለ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ። "የአንዱ ጆሮ ሽቦ ተገልብጦ ነው የተበየደው" አለኝ። እንዴት አወቅክ ስለው ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፈተ፣ ስቴሪዮውን ለሁለት ከፍሎ የቀኙን ብቻ ኢንቨርት አደረገውና (ሞገዱን ገለበጠውና) ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ጫነው። ድምፄ ከኋላዬ ተነስቶ ግንባሬ መሀል ገብቶ ቁጭ አለ፣ ቤዙም አብሮ መጣ። ፋይሉን ስናበላሸው ነው ሄድፎኑ ትክክል የሆነው። ነገሩ ቀላል ነው፣ ግራው ሲገፋ ቀኙ ይስባል፣ መሀል ላይ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣላል፣ ያ "ስፋት" ብዬ ያደነቅኩት እሱ ነበር። ፎርጂድ። ያለቀስኩት ግን ስፖንጁን ሳይ ነው።

ዛሬ ወሰድኩለት። መስታወቱ ውስጥ ያ ማሳያ አሁንም አለ፣ ቀጭ የሚለው፣ ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ "ይሄ ይቆለፋል፣ ይሄ አይቆለፍም፣ እይ" አልኩት። አላየም። ስልኩን እየነካካ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አለ። ፌዙ (የድምፅ ሞገዱ አቅጣጫ) የተገለበጠ ነው ስል ልጁ ሳቀ፣ "ፌዝ" የምትለዋን ቃል ይዞ "ፌዝ ነው ያልሽው?" እያለ፣ ቀልድ መሆኑ ነው። ደረሰኙን አወጣሁ። "እዚህ ላይ ሄድፎን ይላል፣ ሄድፎን ሰጥተንሻል" አለ ትልቁ። ከዛ ያቺን ተናገረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚያዝንልኝ ይመስል፦ "እህቴ፣ ጆሮሽን ታየሽው? ካልሆነ ደግሞ ሙዚቃ የሚገባው ወንድም ካለሽ ይዘሽው ነይና እናስረዳው።"

የመጀመሪያ ቀን "አንቺን ማን ይችልሻል" ያለኝ ሰውዬ ነው። ምላሴ ተሳሰረ። መንገድ ላይ ነው መልሱ ሁሉ የመጣልኝ፣ አስር አይነት መልስ፣ አንዱም እዛ አልነበረም።

ለማንኛውም ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ የራሳችሁን ንግግር ቀርጻችሁ ሂዱ፣ ማሳያውን ተዉት፣ ይዛችሁ የምትወጡትን ራሱን እዛው አስከፍታችሁ ስሙበት፣ ንግግሩ መሀል አናታችሁ ላይ ካልተቀመጠ አትክፈሉ። ሞዴሉንና ቁጥሩን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። አይከፈትም ካለ ውጡ። በቃ ሌላ የምለው የለኝም፣ ያለፈውን ሳምንት ቀረጻ በሙሉ ኢኪውውን አንስቼ እንደገና መላክ አለብኝ፣ በተዋስኩት ሄድፎን።

ስፖንጁን ላነሳው ሞክሬ ነበር ደግሞ፣ አሁን ከመጻፌ በፊት። አንዱን ጫፉን ይዤ ስስበው የግድግዳውን ቀለም ይዞ መጣ፣ እጄን የሚያክል። ሃያ ሶስት ይቀራል።