4ኬ ብለው የሸጡልኝ ቲቪ ማታ ማታ ለምን ብዥ ይላል?

ቲቪው ጥሩ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ብዙ ስለማማው ነው። የገዛሁት ለፋሲካ ሰሞን ነበር፤ አሁን መስቀልም አልፏል። በእነዚህ ወራት መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ከስታቢላይዘሩ ጋር ተስማምቶ ኖሯል። ሪሞቱ አልተበላሸም። ስክሪኑ ላይ አንዲት የሞተች ነጥብ የለችም። ቀለሙ ደስ ይላል፣ ጥቁሩም ለዋጋው ጥቁር ነው። ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ።

የኔ ጉዳይ ማታ ማታ ያለው ነገር ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፣ እራት ይቀርባል፣ ዩቲዩብ ላይ ተከታታይ ድራማ ይከፈታል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ነው። የተዋናይዋ የጆሮ ጌጥ ላይ ያለው ፈርጥ ሳይቀር ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ፊቷ ይቀልጣል። አፍንጫና ጉንጭ ይቀላቀላሉ። ከኋላዋ ያለው መጋረጃ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል። ድምፁ ግን ምንም አልሆነም፤ ማልቀሷ በደንብ ይሰማል። የምታለቅሰው ማን እንደሆነች ነው የማይታየው። አንድ ማታ አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና "ዓይኔ ነው ወይስ ቲቪው ነው?" አሉ። ዓይናቸው ደህና ነበር።

ሻጩ ያለኝን አልረሳውም። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ 4ኬ ነው! ስታየው ትረካለህ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሱቅ ውስጥ ረክቻለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ቲቪዎች በሙሉ አንድ ነገር ነበር የሚያሳዩት። ቀይ ዓሣ፣ የማር ጠብታ፣ ከድሮን የተቀረጸ ተራራ። ያ ቪዲዮ ከፍላሽ የሚጫወት ነው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነካውም። ጌታዬ፣ እኔ ፍላሽ ሰክቼ ዓሣ ላይ አፍጥጬ ላመሽ አይደለም ይህን ሁሉ ብር የቆጠርኩልህ። ስለ ዋይፋዩ ስጠይቅህ ያልከኝ ሁለት ቃል ነው፦ "ዋይፋይ አለው።" መኖሩንማ መች ካድኩ።

እኛ ዘንድ ቲቪ ሲደበዝዝ የመጀመሪያው ተከሳሽ ኔቱ ነው። ይህ ክስ ማስረጃ አይጠየቅበትም፤ ሁሉም ሰው ይፈርዳል። እኔ ግን አንድ ማታ ስልኬን ቲቪው ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ያንኑ ድራማ፣ ያንኑ ክፍል ከፈትኩት። ስልኩ ላይ ጥርት ብሎ ሄደ። ከላዩ ያለው ባለ 55 ኢንች ግን ብዥ እንዳለ ነው። ቤቱ አንድ፣ ራውተሩ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። ጥፋቱ ከውጭ የሚመጣው መስመር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይደበዝዙ ነበር።

ብዥታው ራሱ ብልሽት አይደለም። ዩቲዩብም ሆነ ኔትፍሊክስ አንዱን ቪዲዮ በተለያየ የጥራት ደረጃ ያዘጋጁና እያንዳንዱን በጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ቁራጭ አድርገው ያስቀምጡታል። ቲቪው ቁራጮቹን አንድ በአንድ ይስባል። መስመሩ ሲጠበው የሚቀጥለውን ቁራጭ ከዝቅተኛው ደረጃ ያመጣል። ድሮ ያቺ ክብ እየተሽከረከረች ቪዲዮው ይቆም ነበር። አሁን ከሚቆም ይደብዝዝ ብለዋል። እኔ በበኩሌ ቢቆም እመርጥ ነበር፤ ቢያንስ ሻይ ይቀዳበታል።

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው እየሄደ ቅንብሩን ከከፈታችሁ "ስታትስ ፎር ነርድስ" የምትል ነገር ታገኛላችሁ። ስሟ አያስደንግጣችሁ። የሚታየው ጥራት ስንት እንደሆነ፣ መስመሩ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደሚስብ፣ ወደፊት ስንት ሰከንድ ተጠራቅሞ እንዳለ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትጽፋለች። የኔው ቲቪ ማታ ላይ 854 በ480 ይላል። ሲብስበት 640 በ360። የተጠራቀመው ሰከንድ ደግሞ ከፍ ሳይል መልሶ ይሟጠጣል። ዩቲዩብ ለ1080 ጥራት በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 20 ሜጋቢት ይመክራል። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ 15 ይበቃል ይላል። ቤቴ የገባው ፋይበር 20 ሜጋ ነው። እሺ፣ 4ኬው ይቅር። 1080ው ግን እግሩን ዘርግቶ መሄድ ነበረበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ልሥራ። 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ነው። ወደ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። 854 በ480 ደግሞ 410 ሺህ ገደማ። ስለዚህ ቲቪው አንዷን ነጥብ ለ20 ቦታ አከፋፍሎ ነው ስክሪኑን የሚሞላው። 480 ስልክ ላይ ያን ያህል አያስከፋም። 55 ኢንች ላይ ግን ሶፋው ላይ ተጋድመህም ጉድለቱን ትቆጥረዋለህ። ይህን የሚነግር ሻጭ አላጋጠመኝም። ሁሉም "ትልቁን ውሰድ" ነው የሚለው።

ወደ ጥፋተኛው ልምጣ። ስልኬ የቤታችንን ራውተር በሁለት ስም ነው የሚያየው። አንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ተራው ነው፣ ሌላው መጨረሻው ላይ 5ጂ የሚል ነው። ይሄኛው ከሞባይሉ 5ጂ ጋር ዝምድና የለውም፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ዋይፋይ ነው። ቲቪው ላይ የኔትወርኩን ዝርዝር ስከፍት የመጀመሪያው ብቻ አለ። ሁለተኛው የለም። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ቲቪውን ከሶኬቱ ነቅዬ መለስኩ፣ ሶፍትዌሩን አደስኩ። የለም። ፋብሪካው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚቀበል ርካሽ ቺፕ ገጥሞለት ነው የላከው። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አገላብጬ አየሁት። 4ኬ የሚለው ጽሑፍ መዳፍ ያክላል። ዋይፋዩ የየትኛው ባንድ (የሞገድ ክልል፣ 2.4 ወይስ 5) እንደሆነ ግን የትም ቦታ አልተጻፈም።

2.4 በራሱ ክፉ አይደለም። ግድግዳ በማለፍ እንዲያውም ከ5ቱ ይሻላል። ችግሩ ጥበቱ ነው። ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ቻናሎች (ዋይፋዩ የሚሄድባቸው የሞገድ መስመሮች) ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። የምኖረው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የጎረቤት ዋይፋይ ስም ስቆጥር ጣቴ ይደክማል። ከላይም፣ ከታችም፣ ከግራም፣ ከቀኝም አለ። ማታ 2 ሰዓት ሁሉም ድራማውን ከፍቷል። ብሉቱዙም፣ የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭም እዚያው ሰፈር ናቸው። እሑድ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የኔ ቲቪ የሚጠራው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

በዚያ ላይ የራውተሩ ቦታ አለ። ፋይበሩን የገጠሙት ልጆች በሩ አጠገብ ብፌው ላይ አኑረውት ሄዱ። ባለቤቴ ደግሞ ዳንቴል አልብሳዋለች። ከሰርጋችን ብርጭቆዎች ጎን የክብር እንግዳ መስሎ ተቀምጧል። ለነገሩ ዳንቴል ዋይፋይ አያግድም። ያነሳሁት እንዳይግል ብዬ ነው፤ እሱም ቢሆን በማግሥቱ ተመልሶ ለብሷል። የሚያግደው በመሀል ያለው የብሎኬት ግድግዳና ፍሪጁ ነው፤ ብረት የዋይፋይ ጠላት ነው። ራውተሩን ወደ ሳሎን ላምጣው እንዳልል ፋይበሩ አጭር ነው። ውስጡ ብርጭቆ ስለሆነም እንደ መብራት ገመድ ጥግ ላይ አጣጥፈህ አትስበውም።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ነገርኳቸው። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ቦክስ ግዛበት።" ስማርት ያልከኝ ቲቪ ላይ ስማርት የሚያደርግ ሣጥን ልግዛ? ያሳየኝ ሣጥን ላይ ደግሞ 8ኬ ተብሎ ተጽፏል። ጎረቤቴ ተመሳሳዩን ገዝቶ ስለነበር እሱ ጋ ሄጄ አየሁት። ኔትፍሊክሱ ከ480 ንቅንቅ አይልም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን ዋይድቫይን በሚባል ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚልከው። ሣጥኑ ዕውቅና ከሌለውና ያለው የቁልፉ ዝቅተኛ እርከን፣ ኤል 3 የሚባለው ብቻ ከሆነ ከ480 በላይ አይለቅለትም። ካርቶኑ ላይ 8ኬ ብትጽፍ 16ኬ ብትጽፍ ለውጥ የለውም። ኔትፍሊክስን በ4ኬ ለማየት ክፍያውም ውዱ ፓኬጅ መሆን አለበት፤ እሱን የሚከፍል ሰው ሰፈራችን ውስጥ አላውቅም።

መፍትሔው ቲቪው ጀርባ ላይ ነበር። ከኤችዲኤምአዩና ከዩኤስቢው ቀዳዳ አጠገብ ላን የምትል፣ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካባት ቀዳዳ አለች። ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል አስለክቼ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ መሰኪያ አስገጥሜ፣ ከብፌው ጀምሮ በዞኮሎው ላይ አስኬድኩት። በፍሪጁ ጀርባ አልፎ፣ ከሶፋው ኋላ ዞሮ ቲቪው ጋ ደረሰ። ሙሉ ወጪው ከአንድ ኪሎ ቁርጥ አይበልጥም። እዚህች ቀዳዳ ላይም ቆጥበዋል፤ ከ100 ሜጋቢት በላይ አታሳልፍም። ለ4ኬ ግን ይተርፋል።

ያን ማታ 2 ሰዓት ላይ ያችን ስታትስ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። 1920 በ1080። የተጠራቀመው ሰከንድ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። ድራማው አልቆ ሌላው ተጀመረ፣ አሁንም 1080። በ4ኬ የተጫነ የላሊበላ ቪዲዮ ከፈትኩ። ትንሽ አስቦ 3840 በ2160 ላይ ቆመ። ቤተ ጊዮርጊስ ድንጋዩ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት ይታያል። ቢጫ ሽበት ነው፤ በአካል ሄጄ እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር። አማቴ መነጽራቸውን አላወለቁም።

"ይኸው ተፈታልህ፣ ታዲያ ምን ትጮሃለህ?" የሚለኝ ሻጭ ይኖራል። የምጮኸውማ እዚህ ዋጋ ላይ የደረሰ ቲቪ፣ መካከለኛ ስልክ ውስጥ ያለውን ነገር ስላጣ ነው። ስክሪኑ ላይ ያን ያህል ገንዘብ አፍስሰህ፣ ምስሉ የሚገባበትን በር በሳንቲም ትሠራለህ? ደግሞ አብዛኛው ገዢ ኬብል አይስብም። ብዥ ባለው ቲቪ ይኖራል፣ ኔቱን ይራገማል፣ ፓኬጁን ከፍ ያደርጋል፣ አሁንም ብዥ።

ሌላው ነገር ቀላል ነው። ከሱቅ ሲመጣ የምስሉ ቅንብር "ቪቪድ" የሚባለው ላይ ነበር፤ የሰው ፊት ብርቱካን ይሆናል። ወደ "ሙቪ" ቀየርኩት። ሻርፕነሱንም ዝቅ አደረግኩት፤ ከፍ ሲል ደካማ ቪዲዮ ላይ የአራት ማዕዘኖቹን ጠርዝ ነው የሚያደምቀው። የድሮ ዘፈን ላይ ግን ማንም ምንም አያደርግም። አማቴ የሚወዷቸው ክሊፖች ከቪዲዮ ካሴት ተገልብጠው በ240 የተጫኑ ናቸው። ፓል የሚባለው የድሮው የቲቪ ስርጭት ራሱ የሚታየው መስመር 576 ብቻ ነበር። ያልተቀረጸውን ቲቪው ከየት ያመጣዋል?

ዲሹንም አላወረድኩትም። ለዜናና ለበዓል ፕሮግራም ኢትዮሳት አሁንም ይሻላል። ሳተላይት አንድ ቤት አየው ሚሊዮን ቤት አየው የሚልከው ያው ነው፤ ማታ 2 ሰዓት አይጨናነቅም። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ነው የሚጠፋው። ክረምቱን ሁለቱን እያቀያየርን አለፍነው።

ቲቪውን ትመክረዋለህ ወይ? ኬብሉ ከመሳቡ በፊት ብትጠይቁኝ መልሴ እዚህ የሚጻፍ አልነበረም። ዛሬ ግን እመክረዋለሁ፣ ራውተራችሁ ሳሎን ካለ ወይም ኬብል መሳብ ካልደበራችሁ። ካልሆነ ትንሽ ጨምራችሁ ባለ ሁለት ባንዱን ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ ለማወቅም አይከብድም። የስልካችሁን ሆትስፖት 5 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉና ሻጩን የቲቪውን ዋይፋይ ዝርዝር ክፈትልኝ በሉት። የስልካችሁ ስም ከመጣ ጥሩ። ካልመጣ ቲቪው 2.4 ብቻ መሆኑን ጠርጥሩ። "እዚህ ኢንተርኔት የለንም" ይላችኋል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ስሙ ብቻ ይታይ በሉት። "ዋይፋይ አለው እኮ" ይላችኋል። እሱን ሰምቻለሁ፣ ዝርዝሩን ክፈተው በሉት።