መጽሐፍ ቅዱስን በራስ ማንበብ ወይስ መምህር መስማት?

የሐዋርያት ሥራ ሁለቱንም መንገድ ያሳየናል። ምዕራፍ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ይገባህ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። ምዕራፍ 17 ላይ ደግሞ የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን በደስታ ሰምተው፣ ያለው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ በየቀኑ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። ተመሰገኑበት እንጂ አልተወቀሱም።

የመምህር ጥቅም ትልቅ ነው። የእኛው የአንድምታ ትርጓሜ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ የኖረ ሀብት ነው። ብሉዩንና ሐዲሱን ለመዝለቅ ዓመታት ይፈጃል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ሊቁ አንድ ፍቺ ሰጥቶ በሩን አለመዝጋቱ ነው። «አንድም» እያለ ሌላ ይጨምራል። ይህ ለብቻ ቁጭ ብሎ አይገኝም።

ግን መምህር ነኝ ባይ ሁሉ እንዲህ አይደለም። አንዲት ጥቅስ ከመሃል መዝዞ የፈለገውን የሚያስብላት ሰባኪ ሞልቷል። ያላነበበ ሰው በምን ይለየዋል?

ማንበቡ ዛሬ ቀላል ነው። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ ዕትም ስልክ ላይ ሳይቀር አለ። ጉድለቱ፣ ሕዝቅኤልን ወይም ራእይን ብቻውን የጀመረ ሰው ቶሎ ግራ ይጋባል። ወይም የራሱን ሐሳብ እዚያ ውስጥ ያነባል።

እኔ ማንበቡን አስቀድማለሁ። ጥቅሷን ብቻ ሳይሆን ምዕራፉን በሙሉ። ያልገባኝን ጽፌ መምህር እጠይቃለሁ። ሲጠየቅ የሚቆጣ ካጋጠመኝ ሌላ እፈልጋለሁ።